የመመለሻው ቱቦ

ጥርስ ሐኪሙ በዕድሜው የቀበጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሱፐርቻርጀር ያለው መኪና ገዛ። መኪናው አየር በኃይል ወደ ሞተሩ ያጭቃል። እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ደግሞ ትርፉ አየር በማስተንፈሻው ቫልቭ በኩል «ጵሽሽ» ብሎ ይወጣል። ቤቱ ዳገት ላይ ነውና ሐኪሙ በየአመሻሹ ነዳጅ ረግጦ ይወጣና ግቢው በር ላይ እግሩን ያነሳል። ጵሽሽ። ሰፈሩ ሁሉ መግባቱን ያውቃል።

ታች ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆሙት። «ልጄ፣ ያ ነገር በተነፈሰ ቁጥር ሻዬን ልብሴ ላይ እደፋለሁ» አሉት። ሐኪሙ ሰው ማስቀየም አይወድም። በማግስቱ ፉጨት ዘንድ ሄደ።

ፉጨት መካኒክ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እያፏጨ ስለሚሠራ ስሙ በዚያው ቀረ። ከሐኪሙ ጋር አብሮ አደግ ናቸው። ጋራዡ ዳገቱ ግርጌ፣ ከክሊኒኩ ጎን ስለሆነ መኪናው የሚውለው እዚያ ነው።

ፉጨት ሁለት ቫልቮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይኼ አየሩን ወደ ውጭ ይተፋዋል፤ ያንተ ዓይነት ነው። ይኼኛው ደግሞ በመመለሻ ቱቦ ወደ አየር ማስገቢያው መልሶ ይልከዋል፤ ድምፅ የለውም። የውስጡ ሞላ ለመኪናህ ልክ ነው። ከጠነከረ አየሩን አላስወጣ ይላል፣ ከላላ ጉልበት ይበላብሃል። በየስድስት ወሩ ፈትተን እናጥበዋለን፣ ስስ ግራሶ እንቀባዋለን፣ ቱቦው አለመሰንጠቁን እናያለን። በቃ።»

«ድምፅ የሌለውን ግጠምልኝ።»

«እንዳልክ» አለ ፉጨት፣ ቅር እያለው። «ግን የማይተነፍስ መኪና ምኑ ይነዳል?»

ይህችን ንግግር ሐኪሙ በኋላ አስታወሳት።

ቤቱ ውስጥ ያለው ችግር ግን ከመኪናው የባሰ ነበር። እናቱና ሚስቱ እሳትና ጭድ ናቸው። አመሻሽ ላይ ሲገባ እናቱ ክፍላቸውን ዘግተው፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ያገኛቸዋል። አንዷ የነካችውን ድስት ሌላዋ አትነካም።

«ለባሌ ሠላሳ ዓመት ኮፈን ሥር መፍቻ ሳቀብል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እሷ ናት እንዴ ጨው አጨማመር የምታስተምረኝ?» ይላሉ እናት በሩ እንደተዘጋ። ሚስት ክሯን በጥርሷ ትበጥሳለች።

ሐኪሙ ምን ያድርግ። ሁለቱንም ይወዳል። ሽርጡን ይታጠቅና እራት ይሠራል፣ ዕቃ ያጥባል። ቁርሱም የእሱ ነው። እሱ ሳህን ሲያለቀልቅ እናቱ ፀሐይ ሊሞቁ ወደ ግቢ ይወርዳሉ።

አዲሱ ቫልቭ በተገጠመ ቀን መኪናው ኮቴውን ሳያሰማ ገባ። በሩን ሲከፍት ሁለቱ ሴቶች ሳሎን መሀል ደንግጠው ቆመው አገኛቸው። ሊደባደቡ ሲሉ የደረሰ መሰለው፤ ተመስገን አለ።

በማግስቱ አመሻሽ፣ ግቢው በር ላይ፣ ጵሽሽ።

ፉጨት በሥራ ቀን ወረፋ ስለሚበዛበት እሁድ ጠዋት እቤት ድረስ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። የመመለሻው ቱቦ ተነቅሏል። አፉም ጠርዙ በወጉ በተዘመዘመ ንጹሕ ጨርቅ ተወትፏል።

«ይኼ ሥራ የሚያውቅ ሰው እጅ ነው» አለ። «ሞተሩ አቧራ እንዳይስብ ተጠንቅቆለታል።» ቱቦውን መልሶ ገጠመና እያፏጨ ሄደ።

ሰኞ አመሻሽ፣ ጵሽሽ። በሚቀጥለው እሁድ ተሠራ፤ ሰኞ፣ ጵሽሽ። ሦስተኛውም እሁድ እንዲሁ ሆነ። መምህሩ ሰላምታ መስጠት አቆሙ።

ሐኪሙ ማሰብ ጀመረ። ጠዋት ቁልቁለቱን የሚወርደው ነዳጅ ሳይነካ ነው፤ መኪናው ጵሽሽ አይልም። ጤነኛ ወጥቶ፣ ፉጨት ግቢ ውሎ፣ ታሞ ይመለሳል። ስለ አቧራ የሚጨነቅስ ከመካኒክ ሌላ ማን አለ? የነገሩ መልስ ፊት ለፊቱ ነበር።

ማክሰኞ ከሥራ ሲወጣ ጋራዡ ገባ።

«እንዲያው ለምን?» አለ።

«ምኑ ለምን?»

«መኪናው የሚውለው አንተ ጋ ነው። ድምፁንም የምትወደው አንተ ነህ።»

ፉጨት ማፏጨቱን አቆመ።

«እኔን ነው?»

«ከነገ ጀምሮ ሌላ ቦታ አቆማለሁ» አለ ሐኪሙ። «እሁድም አትምጣ። እኔና አንተ በቃን።»

ፉጨት እጁን ጠረገ፤ ኮፈኑን ከፈተ። ጨርቁን አውጥቶ ቱቦውን ገጠመና ማሰሪያውን በካቻቢቴ ጥርቅም አድርጎ አጠበቀው።

«ዛሬ አብሬህ እወጣለሁ» አለ። «ነገ ጠዋትም ግቢህ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። ይኼን ሰው እጅ ከፍንጅ ሳልይዝ ዓይንህን አላይም።»

ዳገቱን ወጡ። ግቢው በር ላይ ሐኪሙ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ምንም። መምህሩ በረንዳቸው ላይ ሻያቸውን በሰላም ይጠጣሉ።

«ውሃ ጠጥተህ ውረድ» አለው ሐኪሙ፣ ይሉኝታ ይዞት።

ደረጃውን ወጡ። ሐኪሙ በሩን ገርበብ ሲያደርገው ከውስጥ ሳቅ ሰማ፤ የሁለት ሰው ሳቅ ነው። እናቱ ሶፋው ላይ ተንጋለው፣ እግራቸውን ምራታቸው ጭን ላይ ሰቅለው፣ በእጃቸው ካርታ ይዘዋል።

«እማዬ፣ ሰዓቱ እኮ ደርሷል» አለች ሚስቱ። «ክፍልዎ ቢገቡ አይሻልም? ስንስቅ ካገኘን የእራቱ ሥራ እኛ ላይ ይወድቃል።»

«ምን አስቸኮለሽ ልጄ፣ ቱቦውን በገዛ እጄ ነቅዬዋለሁ፤ መኪናው ሳያፏጭ አይመጣም፤ ይልቅ ካርታሽን ጣይ።»