የግላዲስ ካርድ

«ይሄ ካርድ የእርስዎ አይደለም» አለች ዶክተር ኦያርሱን። ማግኔቱን ወደ አሮጊቷ ጭንቅላት ልታስጠጋ ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። ማሽኑ ላይ አሥራ ሰባት ቁጥር ይነበባል፤ የአሮጊቷ የዶኛ ኤርሲሊያ ካርድ ግን ቁጥሩ አሥራ አንድ ነው።

ሌላ ጊዜ ካርድ ተቀብላ የምትከተው ነርሷ ነበረች፤ የተሰጣትን ተቀብላ ትከታለች፣ ቁጥር አታይም። ዛሬ ነርሶቹ አድማ ላይ ናቸው፤ ከሆስፒታሉ በር ውጭ ለተቃውሞ ድስት ሲደበድቡ እዚህ ድረስ ይሰማል።

«የግላዲስ ነው» አሉ ዶኛ ኤርሲሊያ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ተለዋወጥን።»

«መቼ?»

«ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ? ቁርስ አልበላሽም እንዴ?»

ለየሕመምተኛው ከታደሉት ካርዶች ግማሾቹ ማሽኑን በእውነት ያሠሩታል፤ የቀሩት ድምፁን ብቻ ያሰማሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሕመምተኛዋም ሐኪሟም አያውቁም። ማግኔቱ አንጎልን እየቀሰቀሰ ድባቴንና ሥር የሰደደ ሕመምን ያስታግስ እንደሆነ የሚለየው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ኦያርሱን ለዚህ ጥናት አራት ዓመት ደጅ ጠንታለች።

«እንዴት አወቃችሁ?»

«ዕውሮች አይደለንማ። እኔን ሲመታኝ ቅንድቤ ይዘላል። ግላዲስን ብጠይቃት የሷ ንቅንቅ አይልም። ምስኪን፣ ጣ ጣ ጣ ሲልባት ይቆይና ባዶዋን ትሄዳለች።»

ሁለቱ ሴቶች ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ሃያ ዓመት የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲዘረግፉ ኖረዋል። ትከሻቸውን የጨረሰውም እሱ ነው። እዚያ አንድ ወግ አለ፤ የባልደረባሽ እጅ የከፋ ቀን ቦታ ትለዋወጫለሽ። እሷ የዓሣው ቆርቆሮ ወደሚከደንበት ትሄዳለች፣ አንቺ ቢላዋዋን ትይዣለሽ። አለቃ አይጠየቅም፤ ምስጋናም አይጠበቅም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ ዶኛ ኤርሲሊያ። «ግላዲስ ባሕሩ ዳር መዋል አብዝታ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ድመቷን አምጥታ ለኔ ሰጠችኝ። ድመቷን የምትሰጥ ሰው ምን እያሰበች እንደሆነ አይጠፋኝም። እኔ ሕመሜን ለምጄዋለሁ፤ እሷን ግን ሊወስዳት ነበር።»

ኦያርሱን አፈረች። ባለፈው ሳምንት ግላዲስ እንቅልፍ ተኛሁ ስትላት ደስታውን መደበቅ አቅቷት ነበር። በዚያው ቀን ዶኛ ኤርሲሊያ ሕመሙ ተመልሶ እንደመጣባቸው ቢነግሯት «ትንሽ ይታገሡ» ብላ ነው የሸኘቻቸው።

«እንግዲህ ዝም በይ» አሉ አሮጊቷ። «የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ማን ያውቃል?»

«ማሽኑ ሁሉንም መዝግቧል። ዓርብ የጥናቱ ተቆጣጣሪዎች ከዋና ከተማው ከሳንቲያጎ መጥተው ያነቡታል።»

«እሺ፣ እኔን አባሪኝ። ግላዲስን ተያት።»

«ካርድ ከተቀያየረ ሁለቱም ከጥናቱ ይወጣሉ ነው ሕጉ።»

«ማነው ደግሞ እንዲህ ያለ ሕግ የጻፈው? ጤና የለውም?»

«እኔ ነኝ» አለች ኦያርሱን።

ዶኛ ኤርሲሊያ ቀና ብለው ተቀመጡና እንደ ታመመ ልጅ እጇን ይደባብሱላት ጀመር። ማሽኑ ለጥናቱ ብቻ በውሰት የመጣ ነው፤ በዚህ ሁሉ የባሕር ጠረፍ አገር ሌላ የለም። ኪኒኑን ሁለቱም ዓይነት በዓይነት ሞክረው ጨርሰዋል። የሕመም ክሊኒኩ ወረፋ አሥራ አንድ ወር ነው። ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ትለምናለች፤ መልሱ እስኪመጣ ግላዲስ ምን እንደምትሆን ግን አታውቅም። ከአሁን ጀምሮ አንድም ቀን ሳይዘለል እየደወሉ ድምፅዋን ከመስማት በቀር ምንም አልታያት አለ።

«እባክሽ አንቺው ንገሪያት» አሉ ዶኛ ኤርሲሊያ በለሆሳስ። «እኔ አፌ እሺ አይለኝም።»

በሩ ተንኳኳና ግላዲስ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ዶክተርዬ፣ እናንተ እዚህ ወሬ ስትሰልቁ ቀኑ ሊመሽ ነው። እኔም ሄጄ ድስት ልደብድብ እንዴ?»

ሳቀች። ዛሬ ጉትቻ አድርጋ መጥታለች፤ እስከ ዛሬ ጉትቻ አድርጋ ያያት የለም። ብረት ወደ ማግኔቱ እንደማይጠጋ ስለምታውቅ እዚያው በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ አወለቀቻቸው፤ ትከሻዋ እንደዚያ ከፍ ማለት ከቻለ ሳምንት አልሞላውም።

«እስክጨርስ ያዢልኝ» ብላ የዶክተሯ መዳፍ ላይ አኖረቻቸው። ገና ሙቀቷን እንደያዙ ነበሩ።