የተሰፋ ሸሚዝ

ስብሰባው ሊጀመር ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ቢኖድ፣ ገላው ላይ በጠመጠመው ነጭ ጨርቅ ላይ ሸሚዙን ደረበ። አባቱ ካረፉ ስድስተኛ ቀን ነበር፤ በአገሩ ወግ አባቱ የሞተበት ልጅ ራሱን ይላጫል፣ እስከ ዐሥራ ሦስተኛው ቀን ደግሞ የተሰፋ ልብስ አይለብስም። ከጥግ የተቀመጠችው እናቱ ዐየችው።

"ምነው ልጄ?"

"በስብሰባው ካሜራ ከፍታችሁ ፊታችሁን አሳዩ ተብለናል፣ እማ። ባለፈው ወር የሐዘን ፈቃድ የጠየቀችውን ልጅ ከሥራ አሰናብተዋታል።"

"ይሁን" አለች ቀስ ብላ። "አባትህ ያውቁልሃል።"

ካሜራውን ሲከፍት ሲድኒ ያለው አለቃው ከት ብሎ ሳቀ። "ቢኖድ! ፀጉርህን ምን በላው? ውርርድ ተበላህ እንዴ?" በአካል አግኝቷቸው የማያውቅ የሥራ ባልደረቦቹም ስክሪኑ ላይ በየመስኮታቸው ተንከተከቱ። ቢኖድ የተላጨ ራሱን ዳበሰ።

"እዚህ ፖካራ ሙቀቱ አይቻልም" አለ፤ አብሯቸውም ሳቀ።

ስብሰባው አልቆ ፊቶቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ፣ ቋንቋውን የማታውቀው እናቱ ጠየቀችው።

"ስለ አባትህ ምን አሉ?"

"በጣም አዘኑ።"

"የሳቁ መስሎኝ ነበር እኮ።"

"አነጋገራቸው እንደዚያ ነው፣ እማ።"

እናቱ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። ወደ ላፕቶፑ ቀረብ ብላ መዳፎቿን ደረቷ ላይ ገጠመችና ጎንበስ አለች። "አምላክ ይስጥልን፤ ክፉ አይንካችሁ" አለች።

መስኮቱ ላይ የቀረው የቢኖድ የራሱ ፊት ብቻ ነበር፤ የተላጨ ራስ፣ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሸሚዝ። እናቱ ምርቃቷን እስክትጨርስ ድረስ ክዳኑን ሳይዘጋ ጠበቃት።