በአፍሽ አሰሚኝ

መካኒኩ ቺንጋውን ቀይሮ፣ የሞተር ማስነሻውን ሁለት ጊዜ ፈትቶ ገጥሞ አንጀቱ አርሯል። ሴትዮዋ ቁልፉን ባዞረች ቁጥር መኪናዋ አሁንም ታላዝናለች።

«እስቲ እህቴ፣ መጀመሪያ ሲጀምራት እንዴት ነበር የምትለው? በአፍሽ አሰሚኝ።»

ሴትዮዋ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች።

«ምን ያሳፍራል? እዚህ የመጣ ሁሉ ያደርገዋል» ብሎ ሳቀና ራሱ «ኢኢኢኝ» አለላት። «በይ አስነሺያት።»

መኪናዋ እንደ አዲስ ጸጥ ብላ ተነሳች። አሁን የሚያላዝነው የመካኒኩ ጉሮሮ ነበር። ጥርሱን ቢነክስም ሞተሩ እስኪረጋ ድረስ አልቆመለትም።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለች ሴትዮዋ፤ ዞር ብላም ሳታየው እየነዳች ወጣች።

መካኒኩ አፉን በሁለት እጁ አፈነ። በጋራዡ ብቸኛ በር ላይ ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ የነበሩት ሾፌሮች፣ ቦታ ተለቀቀ ብለው፣ ቁልፋቸውን አንድ በአንድ ማዞር ጀመሩ።