ለእባቡ ምን ይነጠፍለት

"የቱ ያምራል?" አለ መሸሻ፣ ሦስት ፌስታል ወለሉ ላይ ደርድሮ።

አለምዘውድ ገና ጫማዋን አላወለቀችም። ከኢንቴቤ ኤርፖርት እስከ ካምፓላ፣ ንሳምብያ ሰፈር ድረስ እጇን አልለቅም ብሎ የመጣው ባሏ፣ አራት ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ ያየችው ባሏ፣ ቤት እንደገቡ ተንበርክኮ የእባብ መኝታ ምረጪልኝ ይላታል።

እባቡ ከአልጋው ትይዩ ነው። ቴሌቪዥን ይኖርበታል ብላ ባሰበችው ጠረጴዛ ላይ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። መጀመሪያ ስታየው የላስቲክ መስሏት ነበር። ከዚያ ምላሱን አወጣ።

"እዚሁ ከእኛ ጋር ነው የሚያድረው?"

"መርዝ የለውም፣ አለሜ። የአንድ ሙዙንጉ፣ የፈረንጅ ጎረቤቴ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ የሚረከበው ሰው አጣ።"

"አንተን አገኘ።"

የሚሻላት መሳቅ ይሁን መጮህ አላወቀችም። እናቷ ብትሆን ጠበል ሳይረጭ እዚህ ቤት አልገባም ትል ነበር። እሷ ግን ገብታለች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘግቷል።

መሸሻ የመጀመሪያውን ፌስታል ከፈተ። "ይሄ ሰጋቱራ ነው። ንጹህ ነው፣ ያምራል። ግን የጥድ ከሆነ ሽታው ሳንባውን ይጎዳዋል። አናጢው ጥድ አይደለም ብሎኛል፤ እንጃ።" ሁለተኛውን ከፈተ። "አሸዋ። ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው፤ ችግሩ ከምግቡ ጋር ይውጠውና ሆዱን ይደፍነዋል።" ሦስተኛውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። "ይሄ የኮኮናት ቃጫ ነው። ችግኝ ከምትሸጥ ሴትዮ ነው የገዛሁት። እርጥበት ይይዛል፣ ለእሱ ይስማማዋል። ግን ጥቁር ነው፤ ቤቱን አፈር የፈሰሰበት እንዳያስመስለው ፈራሁ።"

"እስካሁን ምን ላይ ነበር የሚተኛው?"

"ጋዜጣ ላይ።"

"ጋዜጣው ምን ሆነ?"

"ምንም። ለእሱማ ይበቃዋል።"

"ታዲያ?"

"አንቺ ልትመጪ ሆነ" አለ መሸሻ። "ስትገቢ እንዳያስጠላሽ ብዬ።"

አለምዘውድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለእሷ ሲል የእባብ ቤት የሚያሳምር ሰው ምን እንደሚባል አታውቅም።

"በስልክ ለምን አልነገርከኝም?"

"ትቀሪያለሽ ብዬ።"

"ለምን ለሌላ ሰው አልሰጠኸውም?"

ፌስታሉን እየጠቀለለ፣ እየፈታ ቆየ። "ኪኩቦ ገበያ ዕቃ ስሸከም ውዬ እመጣለሁ። መብራት ሳበራ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ያወቀኝ ይሁን ብርሃኑ ይሁን አላውቅም። ግን ቀና ይላል።" ከዚያ ቶሎ ብሎ ጨመረ፦ "አልፈልግም ካልሽ የሚወስደው ሰው አለ። ነገ ይወጣል።"

ያኔ ነው አንድ ነገር የጠረጠረችው። ባለፈው ክረምት ስልክ እያወሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቆይ፣ መጣሁል…" ሲል ሰምታለች፤ የቃሉ መጨረሻ ግን በደንብ አልተሰማትም። ለሌላ ሴት "መጣሁልሽ" ያለ መስሏት፣ ስልኩን ዘግታ ትራሷን ነክሳ አለቀሰች። ለማንም ሳትናገር ሻንጣዋን ስታዘጋጅም፣ አውሮፕላን ላይ ስትወጣም ያችን ሴት በሆዷ ይዛት ነው የመጣችው።

"መሸሻ። በክረምቱ፣ ስልክ እያወራን 'ቆይ፣ መጣሁ' ያልከው ለማን ነው?"

ግራ ተጋብቶ አያት። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ዞረ፤ ፊቱ ቀላ። "ውሃው ተደፍቶበት ነበር" አለ።

አለምዘውድ አፏን በእጇ ያዘች። ቀለል አላት፤ ተናደደችም። በእባብ ቀንቼ ከረምኩ? ወይስ ለእኔ ያላለውን ለእባቡ ማለቱ ነው የሚያናድደኝ? አልለይላት አለ። ከአልጋው ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እጇን ፌስታሎቹ ውስጥ በየተራ ከተተች። ሰጋቱራው ጣቷ ላይ ተጣበቀ። አሸዋው ቀዘቀዛት። ቃጫው ረጠብ ያለ፣ ለስላሳ ነው።

"ይሄን" አለች።

"ጥቁር ነው እኮ።"

"ምረጪ አላልክም? መረጥኩ።"

መሸሻ እባቡን አውጥቶ ክንዱ ላይ ጠመጠመው። እሷ ወደ ግድግዳው ተጠግታ፣ ዓይኗን ከእባቡ ሳትነቅል፣ የቆሸሸውን ጋዜጣ በሁለት ጣት ስባ ጣለች። ቃጫውን ገለበጠች፣ በመዳፏም እያስተካከለች አነጠፈችው። እባቡ ሲመለስ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ራሱን ቃጫው ውስጥ ሰደደ፣ ቀስ እያለም ጭራው ሳይቀር ሰመጠ።

"የት ገባ?"

"እንጃ" አለ መሸሻ። "እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።"

ሁለቱም አጎንብሰው መስታወቱን በትንፋሻቸው አደበዘዙት። እሷ በእጅጌዋ ጠረገችው። ጥግ ላይ ቃጫው በትንሹ ተነሣ፤ ከዚያ ቆመ።