ባለወንፊቱ ሳጥን

ሉብና ያን ማክሰኞ ወደ ኤሌፋንት ሮድ ገበያ የወጣችው ኮምፒውተሯን በባለሦስት ጎማ ሪክሾ ጭና ነው። ሙቀት እያጠፋው ስላስቸገራት የውጭ ሳጥኑን፣ ነጋዴዎቹ ኬዝ የሚሉትን፣ ልትቀይርለት ፈልጋለች። ዳካ ውስጥ የኮምፒውተር ሱቅ ሞልቷል፤ እሷ የምታምነው ግን አምና ዕቃውን መርጦ የገጣጠመላትን ሞክሌስን ብቻ ነበር። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።

መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላዋ ስትዞር ነበር። ፈርታለች። ሁለት ወር ሙሉ ከማታውቀው ስልክ መልእክት ይደርሳታል። «ቢጫው ሻሽ ያምርብሻል።» «ዛሬ ሳትበዪ ተኛሽ።» መስኮቷን በአንሶላ ጋረደችው፤ መልእክቱ አልቀረም። ፍራሿንና ኮምፒውተሯን ይዛ ወንድ ከበሩ ወደማያልፍበት የሴቶች ማደሪያ ገባች፤ መልእክቱም አብሯት ገባ። ጀሶር ከተማ ላሉት አባቷ እንዳትነግር መልሳቸውን ታውቀዋለች፤ «ትምህርቱ ይብቃሽ፣ ነይና ተዳሪ» ነው የሚሉት። ለመመረቅ ደግሞ የቀራት አንድ ዓመት ነው።

ከሱቁ ደረጃ ሥር አንድ ሽበታም ሰው ቆሟል። ግራጫ ሸሚዝ ለብሶ አሮጌ ኬዝ በብብቱ ይዟል። መጀመሪያ የተሸከመችውን፣ ከዚያ ፊቷን አየ። ደረጃውን እየተጣደፈች ወጣች።

«እህቴ! ምነው አመድ መሰልሽ?» አለ ሞክሌስ ወንበር እየሳበላት።

«ያ ሰውዬ... የሚከታተለኝ ይመስለኛል።»

«ያ ሽበቱ? ሁለት ቀኑ ነው እዚህ ሲያንዣብብ። አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል?»

ሻይ አዘዘላት። አንዴ ተጎንጭታ አስቀመጠችው። ከመደርደሪያው ላይ ፊቱ ሙሉ ብረት የሆነውን ኬዝ ጠቆመችው።

«ይሄ ደፋኑ ይሁንልኝ።»

«እሱማ መቃብር ነው። በዳካ ሙቀት ታፍኖ ይሙት? ይልቅ ይሄን ያዢ።» ፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ጥቁር ኬዝ አወረደ።

«አቧራ ያስገባል።»

«አቧራ ይጠረጋል እህቴ። የሞተ ማሽን ግን አይነሳም።»

ሳቀች። በሁለት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ባለወንፊቱን ወሰደች።

ሞክሌስ ዕቃውን ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ አዛወረ። ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ከዚያ ጎኑን ዘጋና ቡሎኑ ላይ የሱቁን ቀይ ስቲከር ለጠፈ። ሁሉም ነጋዴ ይለጥፋል፤ ከተቀደደ ዋስትናው ቀረ ማለት ነው።

«ምንም ቢሆን ራስሽ እንዳትከፍቺው፤ ወደኔ አምጪው» አላት። «ገመዱ ከቁም ሳጥኑ ጎን ካለው ሶኬት ይደርሳል። ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳታዞሪው፣ አየር ይሳብ። አሮጌውን ኬዝ እዚሁ ተይልኝ፣ እኔ እጥለዋለሁ።»

ደረጃውን ስትወርድ ሽበታሙ መንገዷን ዘጋባት።

«ልጄ፣ አንዴ ስሚኝ፤ ያንን ነገር...»

ጮኸች። ሞክሌስ ከሱቁ ዘሎ ወጣ።

«ያዙት! ሴት የሚያሳድድ ነው!»

ገበያተኛው አንገትጌውን ጨመደደው። ከብብቱ የወደቀው ኬዝ ደረጃው ላይ ተንከባለለ። ጎኑ ላይ ለሁለት የተቀደደ የዚያው ሱቅ ቀይ ስቲከር ነበር።

«እኔም ሴት ልጅ አለችኝ!» ብሎ ጮኸ ሰውዬው።

«ሲያዝ ሴት ልጅ የሌለው ማን አለ!» አለ ሞክሌስ። ሰዉ በሳቅ አወካ። ጥበቃዎቹ እየገፈተሩ ወሰዱት። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ዓይኑን ከአዲሱ ኬዝ ላይ አልነቀለም።

ሉብና ማደሪያዋ ስትደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ኮምፒውተሩን ከቁም ሳጥኑ ጎን አስቀምጣ ሰካችው። ማሽኑ ድምፁን ሳያሰማ ተነሳ። ሽበታሙ ተይዟል፤ አልቋል። እፎይ ብላ አንሶላውን ከመስኮቱ ላይ አወረደችና ሻሿን ፈታች።

ስልኳ ጮኸ።

«ጥቁሩ ለክፍሉ ያምራል። ፊቱን ግን ትንሽ ወደ አልጋው መልሺው።»