ሀብቴ የቆፈረው ጉድጓድ

ሰርካለም ሀብቴን የጠላችው ንስሮቹ መሞት ከመጀመራቸው በፊት ነው።

ሰርካለም ቡታጅራ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ጥቅምት ሲገባ ግን ትርፍ ሰዓቷን ሁሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሐይቅ አፋፍ ላይ ታሳልፋለች። ሐይቁ ከገደሉ ሥር ተኝቷል፤ ከላዩ ደግሞ ብርድ ሸሽተው ከሰሜን የሚመጡ ንስሮች በሞቀው አየር ላይ እየተንሳፈፉ ወደ ደቡብ ያልፋሉ። በባጃጅ ትመጣለች፣ ከግራሩ ሥር ትቀመጣለች፣ በአቅራቢ መነጽር እያየች ትቆጥራለች። ቦታው የንስሮች መተላለፊያ መሆኑን በቁጥር ካሳየች ይከለላል ተብላለች። ከዚያ ወዲህ አፋፉን የአባቷ ርስት ይመስል ትጠብቀው ጀመር።

ለሥራዋ እንቅፋት የሆነባትን ሁሉ ጠርጋለች። ወደ ሐይቁ ድንጋይ የሚወረውሩ ጎረምሶችን ተቆጥታ አባረረች። ለማዘጋጃ ቤት ደውላ፣ ፍርፋሪ ፍለጋ የሚልከሰከሱትን፣ አንዴም ሱሪዋን የነከሷትን ውሾች አስወገደች። የለስላሳ ሻጩን ድምጽ ማጉያ ሳይቀር አስዘጋች። የቀራት ሀብቴ ብቻ ነበር።

ሀብቴ ከአፋፉ አጠገብ ዶሮ ያረባል። በዕድሜ ይበልጣታል፤ ቁጣ የሚቀድመው ሰው ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ተጣሉ።

«ምንድን ነው የምትቆጥሪው?» አላት።

«ንስር።»

«ጫጩቶቼን የሚጨርስብኝን አሞራ ነው የምትቆጥሪው? እኔ ብሆን አንድም አላስተርፍ።»

ይህችን ቃል ሰርካለም አልረሳቻትም።

የመጀመሪያውን የሞተ ንስር ቁጥቋጦ ሥር አገኘችው። ክንፉን ዘርግቷል፣ ጥፍሮቹን ጨብጧል። በሳምንቱ ሌሎች ተጨመሩ፤ ጥንብ አንሳዎችም ነበሩባቸው። የእንስሳት ሐኪሙ አንዱን ከፍቶ አየና «መርዝ ነው የበሉት» አላት። ሰርካለም እዚያው ክሊኒኩ በር ላይ አለቀሰች። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ ቡታጅራ ላይ መሞት አንጀቷን በላት። እንባዋን ስትጠርግ የገዳዩን ስም ታውቅ ነበር።

ማስረጃም አልጠፋ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ስትደርስ ሀብቴ ጆንያ እየጎተተ ከቁጥቋጦው ሲወጣ አየችው። አካፋ ተሸክሟል፣ እጁ ላይ ፌስታል አጥልቋል፣ አፍና አፍንጫውን በሻሽ ሸፍኗል።

«ምንድን ነው የያዙት?» አለችው።

«ቆሻሻ።»

«የማን ቆሻሻ?»

«የናንተ። የከተማ ሰው ጥሎ ይሄዳል፣ እኔ እቀብራለሁ።»

ሰርካለም የውሃ ላስቲክ ለመቅበር ሰው አፍንጫውን አይሸፍንም ብላ አሰበች። ከጆንያው የሚወጣው ደግሞ የበሰበሰ ሥጋ ሽታ ነው። ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ አፋፉ ላይ ይጥላል፣ ሲነጋ ደግሞ የተረፈውን ይሰበስባል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«መርዝ ነው አይደል?» አለችው።

ሀብቴ ቆም ብሎ አያት። «መርዝ መሆኑንማ ከኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ» አለና ጥሏት ሄደ።

ደሟ ፈላ። ሰውየው ገድሎ ያላግጣል። ከዚያን ቀን ወዲያ እርስዎ ማለቱንም ተወችው።

ትምህርት ቤት ተናገረች፣ ቤተ ክርስቲያን ተናገረች፣ ባጃጅ ላይ ተናገረች። እንቁላል ይወስዱ የነበሩ ምግብ ቤቶች መርዝ ካለበት ቤት አንገዛም አሉ። ሰዎች አጥሩን አፈረሱበት። በመጨረሻ ፖሊስ መጥቶ ወሰደው። በገበያ ቀን ሚስቱ አበበች ዶሮዎቹን እግራቸውን አስራ፣ በተገኘው ዋጋ ስትሸጥ ሰርካለም አየቻት። አላዘነችላትም። እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላት ዋለ።

ሀብቴ ጣቢያ ሲጠየቅ እልሁ ይዞት አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «እኔ ብናገር አታምኑኝም። ጉድጓዱን ቆፍራችሁ እዩ። እሷም ትምጣ።»

«ዓይኑን በጨው የታጠበ» አለች ሰርካለም ስትሰማ። ግን መጣች፤ ፎቶ ማንሻ ስልኳንም ቻርጅ አድርጋ።

ሰኞ ጠዋት አፋፉ ላይ ተሰበሰቡ። ሀብቴ ካቴና እንዳጠለቀ ከሳጅኑ ጎን ቆሟል። የማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት ኃላፊ ሰማን ሁለት ቆፋሪዎች ይዞ መጥቷል። በላያቸው ንስሮች እያለፉ ነው፤ ሰርካለም ግን አልቆጠረቻቸውም። ቁጥቋጦው ሥር ሀብቴ ከታሰረ በኋላ የሞቱ ሁለት ንስሮች አግኝታለች።

«ታስሮም አልተወም» አለች ለሳጅኑ። «ሚስቱ ትሆናለች። እሷም ትያዝ።»

ሳጅኑ ራሱን ነቀነቀ። አበበች ባለችበት ትያዝ ብሎ በስልኩ አዘዘ። ሀብቴ ይህን ሲሰማ አፈር ላይ ተቀመጠ። ሰርካለም አይታው ፊቷን አዞረች።

ቆፋሪዎቹ አፈሩን ገለጡ። ሽታው ሁሉንም ወደ ኋላ መለሳቸው። ጆንያዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ተቀደዱ። መርዝ የተነሰነሰበት ሥጋ አልነበረም። ውሾች ነበሩ፤ ግማሾቹ ከመቀበራቸው በፊት ሆዳቸው በመንቁር ተቦጫጭቋል።

«ውሾቹንም ፈጅቷቸዋል?» አለ ሳጅኑ።

ሀብቴ ሰርካለምን ብቻ ያያል።

ሰማን አፍንጫውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ። «ኧረ እነዚህስ የኛ ናቸው» አለ፤ «ቲቸር የደወሉልን ጊዜ መርዝ ያበላናቸው።»