ለእማዬ እንዳትነግራት

ጀልባዋ የሁለት ወንድማማቾች ነበረች። ታላቅየው መነጽር ሠሪ፣ ታናሽየው የሞተር መካኒክ ነው። ግማሽ በግማሽ አዋጥተው ሲገዟት በሐይቁ ዳር ያላመሰገናቸው አልነበረም። «ወንድማማች እንዲህ ነው እንጂ!» ተብሎላቸዋል። ምስጋናው ግን ከጀልባዋ ቀለም ቀድሞ ለቀቀ።

መነጽር ሠሪው ስላሎም የሚባለውን የውሃ ላይ ስኪ ይወዳል። ስኪ በሚባለው ረጅም ሳንቃ ላይ በተገጠሙ ሁለት ጫማዎች እግሮቹን አስከትሎ ያስርና፣ ጀልባዋ በገመድ ስትጎትተው ውሃው ላይ በተደረደሩት ብርቱካንማ ኳሶች ዙሪያ እየተጠማዘዘ ይበራል። የሚነዳው መካኒኩ ነው። እሁድ በመጣ ቁጥር አንዱ ሲበር ሌላው መሪ እንደጨበጠ ይውላል።

«ጋሼ፣ ጀልባዋ እኮ የኔም ናት» አለ መካኒኩ አንድ ቀን። «እኔም ዓሣ ላጥምድባት፣ እንግዳ ላዝናናባት እፈልጋለሁ።»

«መጀመሪያ የስኪ ውድድሩ ይለፍ።»

«ሁሌ ውድድሩ ይለፍ! ይሄ ስኪ አንድ ቀን እግርህን ይሰብረውና ሁላችንም እናርፋለን!»

ጀልባ ማቆሚያው ላይ ሰዎች ነበሩ። ሳቁ። ኋላ ግን ንግግሩን ቃል በቃል አስታወሱት።

ቅዳሜ እናታቸው ዘንድ ምሳ በሉ። እናትየው ከድንኳን ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከታናሽየው ጋር ነው የሚኖሩት። እጃቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ውሃ ይፈራሉ፤ ልጆቻቸው ስለ ሐይቁ ማውራት ሲጀምሩ ሳህን የሚያነሱበት ምክንያት አያጡም።

«የስኪው የፊተኛ ጫማ ላልቷል» አለ መነጽር ሠሪው እያኘከ። «መታጠፊያ ላይ እግሬን ሊለቀው ይፈልጋል።»

«ሰልችተኸው ይሆናል፤ እንደኔ» አለ መካኒኩ።

ስኪው እዚያው ቤት አደረ። በነጋታው መካኒኩ ጭኖት መጣ።

እሁድ ጠዋት ውሃው ረግቶ መስታወት መስሏል። መነጽር ሠሪው እግሩን በሳሙና አሟልጮ ጫማው ውስጥ ከተተ። እንደወትሮው አልነበረም፤ ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ደስ አለው።

«አጠበቅክልኝ እንዴ?» ብሎ ከውሃው ውስጥ ጮኸ።

ሞተሩ እያጓራ ነበር። መካኒኩ እጁን አነሳ።

ሦስተኛዋን ኳስ ሲዞር የስኪው አፍንጫ ውሃ ውስጥ ተቀበረ። እንዲህ ሲሆን ጫማው እግርን መልቀቅ አለበት፤ የተሠራው ለዚያ ነው። የኋላው ለቀቀ። የፊተኛው አልለቀቀም። ስኪው ዞረ፤ እግሩም አብሮት ዞረ።

መካኒኩ ወንድሙን ጎትቶ ጀልባዋ ላይ ካወጣ በኋላ ጫማውን በቢላ መቅደድ ነበረበት። የሚለጠጠው የላስቲክ ማሰሪያ የለም። በቦታው የማይለጠጥ ገመድ፣ ተደርቦ፣ ተጠፍሮ፣ ጥርስ በማይፈታው ቋጠሮ ተቋጥሯል። መካኒኩ ቋጠሮውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ታላቅየው በዚያ ሁሉ ሕመም መሀል ያንን ፊት አየ። ሌላ ማስረጃ አላሻውም።

ሐኪሙ ጉልበቱን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዳብሶ «ትራመዳለህ» አለው። «ስኪውን ግን እርሳው።»

ሐኪሙ እንደወጣ መነጽር ሠሪው ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ስኪው ያደረው አንተ ዘንድ ነው።»

«አዎ።»

«ገመዱን ማን አሰረው?»

መካኒኩ መሬት መሬቱን አየ።

«ተናገር እንጂ! አፍህን ደግሞ ማን አሰረው?»

«ጋሼ፣ የፈለግከውን አድርገኝ። ክሰሰኝም። ብቻ ለእማዬ እንዳትነግራት። የመጎተቻው ገመድ ተበጥሶ ወደቀ እንበላት።»

«አሁን ነው እፍረት የመጣብህ?»

መካኒኩ ያመጣውን ብርቱካን ኮሞዲኖው ላይ አስቀምጦ ወጣ። መነጽር ሠሪው ብርቱካኑን ለነርሷ ሰጣት።

አልከሰሰውም። ከክስ የባሰ አደረገ፤ ለሐይቁ ሰው ሁሉ አወራ። ለእናቱ ብቻ የመጎተቻው ገመድ ተበጥሶ ነው አላቸው። ይህም ለሳቸው አዝኖ እንጂ ለወንድሙ ብሎ አልነበረም። ሰውም ያንን የማቆሚያውን ንግግር አስታወሰ። «የወንድሙን እግር የጠፈረ፣ የኔን ሞተር ምን ሊያደርገው!» እየተባለ የመካኒኩ በር አንኳኪ አጣ። ጀልባዋ ተሸጠች። እሱም መፍቻዎቹን ሸክፎ ወደ ሩቅ ወደብ ሄደ። እናትየው ታላቅየው ቤት ገቡ።

«ምን አጣላችሁ፣ ልጄ?»

«የጀልባ ጣጣ ነው፣ እማዬ። የጋራ ነገር ደግ አይደለም።»

መካኒኩ ለእናቱ ይደውላል። የስልኩ ድምፅ ሲሰማ መነጽር ሠሪው እያነከሰ ከክፍሉ ይወጣል። አንድ ጊዜ እናትየው «የአንድ ማሕፀን ልጆች!» ብለው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፉለት።

«እንዴት ነህ ጋሼ? እግርህስ?»

«ከኔ በላይ ታውቀዋለህ» አለና ዘጋው። እናትየው ያን ቀን እራት አልበሉም።

ዓመታት አለፉ። የመነጽር ሠሪው ልጅ አደገችና ስኪ ካልተማርኩ ብላ ቤቱን አስጨነቀች። አባትየው እምቢ ብሎ፣ ተቆጥቶ፣ በመጨረሻ ተሸነፈ። ከሐይቁ የስኪ ክለብ ስኪ ተዋሰችና ጀመረች።

አንድ ከሰዓት ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ገባች።

«አባዬ፣ ጫማው ሰፍቶኛል መሰለኝ። ስዞር እግሬን እየለቀቀ ይጥለኛል።»

አባትየው አፉን ሳይከፍት አያቷ ከሶፋው ላይ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪው እስቲ፣ የኔ ሆድ» አሉ። «ያኔ የአባትሽንም በድንኳን ገመድ ጠፍሬ ያጠበቅኩለት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ላላብኝ ብሎ አያውቅም።»